«ለዴክ ኮንቨርት ተደርጓል» የሚሏችሁን ሲዲ በዴክ ሳታዩ ብር እንዳትከፍሉ

የሠርግ ወይም የተዝካር ቪዲዮ አሠርታችሁ ገጠር ላሉ ቤተሰቦቻችሁ ልትልኩ ያሰባችሁ የጎጃም ልጆች፣ ይቺን አንብቡልኝ። እኔ 1,500 ብር ከፍዬበታለሁ።

እህቴን የዳርናት በጥር ነው። ካሜራ ማኑ የሠርጉን ቪዲዮ በፍላሽ ሰጠን፤ አምስት ሰዓት ይሆናል። እናቴና አያቴ የሚኖሩት ከደምበጫ ወጣ ብሎ ነው። ቤት ያለው የድሮ ዲቪዲ ዴክ ነው፤ የፍላሽ መሰኪያ እንኳ የለውም። ስለዚህ ደብረ ማርቆስ አንድ ቪዲዮ ቤት ገባሁ። «ለዴክ ኮንቨርት አድርገን እንሰጥሃለን፣ አንዱ 150 ብር» አሉኝ። ለዘመድ ሁሉ ይዳረሳል ብዬ 10 አዘዝኩ። በማግስቱ በሱቁ ኮምፒውተር አጫወቱልኝ፣ ቁልጭ ብሎ ታየ። ከፈልኩና ወጣሁ። የተበላሁት እዚህ ላይ ነው።

እሑድ ከቅዳሴ መልስ ጎረቤቱ ሁሉ ቤታችን ተሰበሰበ። ጠላ ቀረበ። አያቴ ነጠላዋን አጣፍታ ቴሌቪዥኑ ፊት ለፊት ተቀመጠች። ሲዲውን ከተትኩት። ዴኩ ውስጥ ትንሽ ዞረና «ኖ ዲስክ» አለ። በሸሚዜ ጫፍ ወልውዬ መለስኩት፤ ያው ነው። ሁለተኛውን፣ ሦስተኛውን፣ አሥሩንም ሞከርኩ። «ምነው ልጄ፣ ሙሽራዋ የት ገባች?» አለች አያቴ። ምን ልበላት? ቤት የነበረ የቆየ የመዝሙር ሲዲ ስከት ግን ወዲያው ዘፈነ... ማለቴ ዘመረ። ዴኩ ደህና ነው ማለት ነው።

ሱቁ ተመልሼ ስነግራቸው «ዴካችሁ አርጅቷል፣ አዲስ ግዙ» ብለው መደርደሪያቸውን አሳዩኝ። ዴክም ይሸጣሉ ለካ።

ቤት ሄጄ ሲዲውን በላፕቶፕ ከፈትኩት። ውስጡ አንድ ፋይል ብቻ አለ፤ የስሙ መጨረሻ ኤቪአይ (አንድ የቪዲዮ ፋይል ዓይነት) ይላል። ቪኤልሲ በሚባለው የቪዲዮ ማጫወቻ ፕሮግራም ከፍቼ «ቱልስ» ውስጥ «ኮዴክ ኢንፎርሜሽን» የሚለውን ሳይ ቪዲዮው ኤች 264 የሚባለው አዲሱ የቪዲዮ ዓይነት ነው። ካሜራ ማኑ የሰጠን ራሱ ነው! የፋይሉን ስም ለውጠው ሲዲ ላይ ገለበጡት እንጂ ምንም አልቀየሩም። ስም መለወጥ ደግሞ የውስጡን ቪዲዮ አይነካውም።

የድሮ ዴክ የሚፈልገው ኤምፔግ 2 የሚባለውን የቪዲዮ ዓይነት ነው። ፓል በሚባለው በእኛ አገር የቴሌቪዥን ሥርዓት የምስሉ መጠን 720 በ576፣ በሰከንድ 25 ምስል ነው። አንዳንድ ዴኮች ዲቪኤክስ የሚባለውን ሌላ ዓይነትም ያነባሉ፤ ኤች 264 ግን አብዛኞቹ አያውቁትም። በትክክል የተሠራ ዲቪዲ በኮምፒውተር ሲከፈት «ቪዲዮ ቲኤስ» የሚል ፎልደር አለው፣ ውስጡም በቪኦቢ የሚያልቁ ፋይሎች አሉ። አንድ ደረቅ ፋይል ብቻ ካያችሁ አትቀበሉ።

ተጨቃጭቄ እንደገና ሠሩልኝ። አሁን ዴኩ አነበበው። ግን አምስቱን ሰዓት በአንድ ሲዲ አጭቀውታል። የተለመደው ባዶ ዲቪዲ 4.7 ጊጋ ነው የሚይዘው፤ ጥራቱ ሳይወርድ ሁለት ሰዓት ገደማ ነው የሚበቃው። ከዚያ በላይ ሲታጨቅ ምስሉ ይቆራረሳል። እስክስታው ሲመጣ የእህቴ ፊት አራት ማዕዘን በአራት ማዕዘን ሆነ። ይሄ በጣም አናደደኝ። ሠርግ አይደገምማ።

በመጨረሻ ዲቪዲ ስታይለር በሚባል ነጻ ፕሮግራም ራሴ ሠራሁት። ሌሊቱን ሙሉ ፈጀ፤ በሦስት ሲዲ ተከፈለ፣ ጥርት ብሎ ወጣ። ብሬን ግን እስካሁን አልመለሱልኝም።

እናንተ ስታሠሩ አሮጌ ዴክ ላይ ካላሳዩኝ አልከፍልም በሉ። ሱቁ ከሌለው የራሳችሁን በፌስታል ይዛችሁ ሂዱ፣ አያሳፍርም። መጀመሪያ አንድ ብቻ አሠርታችሁ ሞክሩ፣ ኮፒው ከዚያ በኋላ ይደርሳል። በስንት ሲዲ እንደሚከፍሉትም ቀድማችሁ ጠይቁ። ካሜራ ማኑ የሰጣችሁን ዋናውን ፋይል ደግሞ ለማንም ብላችሁ እንዳታጠፉ፤ እኔን ያዳነኝ እሱ ነው። ደብረ ማርቆስ ያላችሁና የቸገራችሁ ካላችሁ ጻፉልኝ፣ ባዶ ዲቪዲ ይዛችሁ ኑ፣ በላፕቶፔ አብረን እንሠራዋለን።