የዊሊያምስ ባለቀዳዳ ማነጣጠሪያ በማርሊን 336 ላይ

እ.ኤ.አ. በ1948 ለገበያ የቀረበው ማርሊን 336 በአሜሪካ ጥቅጥቅ ባለ ደን ውስጥ አጋዘን ለሚያድን ሰው የተመቸ ጠመንጃ ነው፤ አጭርና ቀላል ከመሆኑም በላይ፣ የ30-30 ጥይቱ በደን ውስጥ አብዛኛው ተኩስ ለሚካሄድበት ከመቶ ሜትር በታች ላለ ርቀት በቂ ነው። ቴሌስኮፕ ሲጫንበት ክብደቱ ይጨምራል፣ በአንድ እጅ አንጠልጥሎ ለመሄድም ያስቸግራል። በብረት ማነጣጠሪያ መቀጠል የሚሻ አዳኝ እንግዲህ ከፋብሪካ የመጣውን ይዞ ይቆያል፣ ወይም በሌላ ይተካዋል። እኔ የመረጥሁት በሚሺጋን የሚገኘው ዊሊያምስ የተባለ ኩባንያ የሚያመርተውንና ደብሊው ጂ አር ኤስ የሚባለውን ባለቀዳዳ ማነጣጠሪያ ነው።

የፋብሪካው የኋላ ማነጣጠሪያ እንደ አብዛኞቹ የዚህ ዓይነት ጠመንጃዎች በአፈሙዙ ላይ ጎኑ ሰያፍ በሆነ ቦይ ውስጥ ተጠብቆ የተቀመጠ ነው። ከፍታው የሚስተካከለው ከሥሩ ያለውን ደረጃ የተቀረጸበት ትንሽ የብረት ሽብልቅ ወደፊትና ወደኋላ በማንሸራተት ሲሆን፣ ግራና ቀኙ ደግሞ በነሐስ ዘንግና በመዶሻ ቀስ እያሉ በመምታት ነው። ጥይት አለመኖሩን አረጋግጦ፣ በእርሳስ ምልክት አድርጎ የሚሠራ ሰው ሥራውን ያለ ባለሙያ ሊጨርሰው ይችላል። በምንሽር ላይ ያለውን ቁጥር የተጻፈበት ተንሸራታች ማነጣጠሪያ የለመደ ሰው ግን ይህን አሠራር እንደ ጥንት ነገር ማየቱ አይቀርም።

ችግሩ የሚመነጨው ከርቀቱ ስሌት ነው። የጥይቱ ስሕተት በፊትና በኋላ ማነጣጠሪያዎች መካከል ባለው ርቀት ተባዝቶ እስከ ዒላማው ባለው ርቀት ሲካፈል፣ ማነጣጠሪያው ምን ያህል መንቀሳቀስ እንዳለበት ይታወቃል። በሁለቱ መካከል ያለው 40 ሴንቲ ሜትር ቢሆንና ጥይቱ በ50 ሜትር ላይ 10 ሴንቲ ሜትር ዝቅ ብሎ ቢመታ፣ የኋላው ከፍ ማለት ያለበት 0.8 ሚሊ ሜትር ብቻ ነው። በመዶሻ ምትና በሽብልቅ ደረጃ ይህን ልክ ማግኘት ትዕግሥት ይጠይቃል፤ በአንዱ ደረጃ ዝቅ፣ በሚቀጥለው ከፍ ብሎ ሲመታ መካከል ላይ የሚያርፍበት ቦታ የለም።

የዊሊያምሱ ብልጫ የሚታየው እዚህ ላይ ነው። የሚታሰረው በጠመንጃው አካል አናት ላይ ለቴሌስኮፕ ማሰሪያ አስቀድመው በተበሱት ቀዳዳዎች በመሆኑ አዲስ መብሳት አያስፈልግም፤ ከፊተኛው ማነጣጠሪያ ያለው ርቀትም ከግማሽ ሜትር በላይ ስለሚሆን፣ ለተመሳሳይ እርማት የሚፈለገው እንቅስቃሴ ሰፋ ይላል። ብሎኑ ላላ ተደርጎ ቀዳዳው በእጅ ይገፋና ተመልሶ ይጠበቃል። ሕጉ ቀላል ነው፤ ጥይቱ እንዲሄድ ወደሚፈለግበት አቅጣጫ የኋላው ይገፋል፣ ፊተኛው ከተነካ ደግሞ በተቃራኒው። የእንቅስቃሴውን ልክ በድምፅ የሚያሳውቅ ነገር ስለሌለው ግን ከመግፋት በፊት የቀድሞውን ቦታ በቀጭን መስመር ማመልከት ግድ ነው። አካሉ አሉሚኒየም ስለሆነ ብሎኖቹን በኃይል ማጥበቅም አይገባም።

በዓይን ላይ ያለው ልዩነት ከሁሉም በላይ አስደስቶኛል። በፋብሪካው ማነጣጠሪያ ዓይን የኋላውን፣ የፊቱንና እንስሳውን በአንድነት አጥርቶ ለማየት ይታገላል፤ ዕድሜው የገፋ ሰው ዓይን ደግሞ የኋላውን ጭራሽ ማጥራት ያቅተዋል። በቀዳዳው ሲታይ ግን የፊተኛውን ጫፍ ዓይን ራሱ መሐል ላይ ያስቀምጠዋል። ጎሕ ሲቀድና ሲመሽ ትንሿን ባለቀዳዳ ክብ ፈትቶ በሰፊው ቀለበት መተኮስ ይቻላል፤ ለወረቀት ዒላማ ባይሆንም ለአጋዘን የሚበቃ ትክክለኛነት አለው።

ሁለት ነገሮች ግን ከሣጥኑ ላይ በግልጽ ሊጻፉ ይገባ ነበር እላለሁ። የመጀመሪያው፣ የኋላው ከፍ ብሎ ስለሚቀመጥ የፋብሪካው ፊተኛ ማነጣጠሪያ ሊያጥር ይችላል፤ ቀዳዳው እስከ መጨረሻው ዝቅ ተደርጎም ጥይቱ ወደላይ የሚመታ ከሆነ ረዘም ያለ ፊተኛ መግዛት ያስፈልጋል፣ ይህም ወጪውን ይጨምራል። ሁለተኛው፣ ፊተኛውን የሚሸፍነውን ቆብ አውልቆ መጣል አይገባም። ፀሐይ ከግራ ስትመጣ በፊተኛው ጫፍ ላይ ያለው የነሐስ ነጠብጣብ ግራ ጎኑ ብቻ ያበራል፣ ዓይን ያንን ብሩህ ክፍል መሐል ያደርገዋል፣ ጥይቱም ወደ ቀኝ ያዘነብላል፤ ያን ጊዜ ማነጣጠሪያውን ማንቀሳቀስ ደመና ሲመጣ ሌላ ስሕተት መፍጠር ነው።

ልኩ ከተያዘ በኋላ ጥይት መቀየርም እንዲሁ ነው። የ150 ግሬን እና የ170 ግሬን (ግሬን የጥይት ክብደት መለኪያ ነው) ጥይቶች ፍጥነታቸው ስለሚለያይ የሚያርፉበት ቦታም ይለያያል፤ ስለዚህ ልኩ የሚያዘው ለአደን በሚያዘው ጥይት ራሱ፣ ጠመንጃውም በአሸዋ ከረጢት ላይ ተደግፎ፣ በሦስት በሦስት ጥይት መካከለኛውን ቦታ እያዩ መሆን አለበት። የአንዲት ጥይት ውጤት አይቶ ብሎን መፍታት ጥይት ማባከን ነው።