የነዳጅ ጌጅ ላስቸገራችሁ፦ አንድ ኤሌክትሪሽያን ልጠቁማችሁ

ይህ ጽሁፍ ምስጋናም ጥቆማም ነው። አሮጌ መኪና የያዛችሁ፣ በተለይ ዲኤክስ የምትነዱ፣ ይጠቅማችኋል።

የኔዋ የ80ዎቹ ቶዮታ ዲኤክስ ናት፤ ከአባቴ የተረከብኳት። ሞተሯ አሁንም ጤነኛ ነው። ያስቸገረኝ የነዳጅ ጌጇ ነበር። ፉል አስሞልቼ ስወጣ ቀስቷ ግማሽ ላይ ትቆማለች። እውነት ግማሽ ሲሆን ደግሞ ባዶው ጋ ትጠጋለች። ኮረኮንች ስገባ ይብስባታል፣ አስፋልት ስወጣ ትንሽ ትመለሳለች።

"ኪሎ ሜትር እየቆጠርክ ንዳ" ያሉኝ ነበሩ። የአዲስ አበባን የነዳጅ ሰልፍ የሚያውቅ ግን ይረዳኛል። በጀሪካን እንደ ልብ አይቀዳም። መንገድ ላይ ካለቀባችሁ ጣጣው ብዙ ነው። እኔም ጌጁን ስለማላምነው ነዳጅ ሳይጎድል እሰለፍ ነበር።

ያማከርኩት አንድ ጋራዥ "ዳሽቦርድ ላይ ያለው ጌጅ ሞቷል፣ ሙሉውን ቀይር" አለኝ። ሌላው ደግሞ "የለም፣ ሳልባትዮ (የነዳጅ ታንከር) ውስጥ ያለው ተንሳፋፊ ነው፣ ሶማሌ ተራ ሄደህ ፈልግ" አለ፤ የመኪና መለዋወጫ የሚሸጥበትን ሰፈር ማለቱ ነው። ሁለቱም ገመድ እንኳን አልነኩም። ለዲኤክስ የሚገኘው ያገለገለ ዕቃ ነው። ያገለገለ ዕቃ ደግሞ የራሱን በሽታ ይዞ ሊመጣ ይችላል።

በዚህ መሃል ጓደኛዬ ወደ አንድ አዛውንት የመኪና ኤሌክትሪሽያን ወሰደኝ። መርካቶ አካባቢ ነው የሚሠሩት። ሁሉም ጋሼ ነው የሚላቸው። ዕቃ ግዛ ከማለታቸው በፊት ጠየቁኝ። "የሙቀት ጌጁስ እንዴት ነው?" ደህና ነው አልኳቸው። "ጥሩ፣ አንዱን አስወገድን" አሉ። እንደኔ ባሉ አሮጌ መኪኖች ሁለቱ ጌጆች ኃይል የሚያገኙት ከአንድ የቮልቴጅ መቆጣጠሪያ ነው። እሱ ቢበላሽ ኖሮ ሁለቱም ይዘባርቁ ነበር።

ቀጥለው ወደ ሳልባትዮው የሚሄደውን ሶኬት ነቀሉ። ቁልፍ ሲከፈት ቀስቷ ባዶ ላይ ተኛች። ከዚያ ከኪሳቸው ትንሽ አምፖል አወጡ። አንዱን ጫፍ ከጌጅ የሚመጣው ገመድ ላይ፣ ሌላውን ቦዲ ላይ ነኩ። አምፖሏ በራች። ቀስቷም በዝግታ ወደ ሙሉው መውጣት ጀመረች።

ገመዱን በቀጥታ ከቦዲ ጋር ማገናኘት አይቻልም ወይ አልኳቸው። "ይቻላል፣ ግን እንዲህ ያለ ጌጅ በሙቀት ነው የሚሠራው፣ ብዙ ከቆየበት ይቃጠላል። አምፖሏ ትጠብቀዋለች" አሉኝ። ቀስቷ ቶሎ የማትንቀሳቀሰውም ለዚሁ ነው፤ ትንሽ መታገስ ያስፈልጋል።

"ልጄ፣ ቀስቷ ምን አጠፋች? የነገሯትን ነው የምታሳየው።" ዳሽቦርድ ቀይር የተባልኩት በዚህች አምፖል ውድቅ ሆነ።

ቀጣዩ ተጠርጣሪ ተንሳፋፊው ነበር። ነዳጁ ከፍ ዝቅ ሲል እሱም አብሮ እየወጣና እየወረደ ሬዚስታንሱን፣ ማለትም ኤሌክትሪኩን የሚያግድበትን መጠን፣ ይቀይራል፤ የሚለካውም በኦም ነው። በቶዮታ ሳልባትዮው ሲሞላ 3 ኦም አካባቢ፣ ባዶ ሲሆን 110 ኦም አካባቢ ነው። በአንዳንድ የአሜሪካ መኪኖች የተገላቢጦሽ ስለሆነ መኪናውን ማወቅ ያስፈልጋል። ያን ዕለት ፉል አስሞልቼ ነበር የሄድኩት። ኦም የሚለካውን ቴስተር ከተንሳፋፊው ገመድ ወደ ቦዲ ሲያደርጉት 30 ገደማ አነበበ። በቶዮታ ቋንቋ ይህ ግማሽ ማለት ነው፤ ቀስቷም ስትል የከረመችው ይህንኑ ነው። ሌላ ሰው ቢሆን እዚሁ ላይ "ተንሳፋፊው ነው" ብሎ ይጨርስ ነበር። እሳቸው ግን የቴስተሩን አንድ እግር ከቦዲው አንስተው የተንሳፋፊው የራሱ ኔጌቲቭ ላይ አደረጉት። 3 ገደማ አነበበ። ተንሳፋፊው ጤነኛ ነው!

የተበላሸው ከሳልባትዮው ወደ ቦዲ የሚሄደው የኔጌቲቭ ገመድ ነበር። ነጭ ሆኖ ጥቁር መስመር ያለው ነው። የታሰረበት ቡሎን ዝጎ ነበር፤ ዝገቱ ትርፍ ሬዚስታንስ ይጨምራል፣ ጌጁም ነዳጅ የጎደለ ይመስለዋል። ባትሪውን ፈቱ። አጠገባቸው ሲጋራ የያዘውን ልጅ በቁጣ አባረሩት። ቦታውን በብርጭቆ ወረቀት ፈገፈጉ፣ ጫፉን ቀየሩ፣ አጥብቀው አሰሩና ግራሶ ቀቡት። ቀስቷ ሙሉው ላይ ወጥታ ቆመች። ከዚያ ወዲህ ኮረኮንችም አያወርዳት።

የጠየቁኝ ገንዘብ ለዕቃው ከተጠራልኝ ዋጋ ጋር ሲተያይ እዚህ ግባ የሚባል አይደለም። እኔን ይበልጥ የገረመኝ ግን ዕቃ ሊሸጡልኝ ሲችሉ አለመሸጣቸው ነው። የሚሠሩትን እያሳዩ፣ የማይገባኝን እያስረዱኝ ነው የጨረሱት። ጋሼ፣ እጅዎ ይባረክ። እድሜና ጤና ይስጥልኝ።

እንከን አላቸው ወይ ካላችሁ፣ አዎ። ቀስ ብለው ነው የሚሠሩት፣ የሚቸኩል ሰው አይወዱም። በኮምፒውተር የሚመረመሩትን አዳዲስ መኪኖች "የልጆች ሥራ ነው" ብለው ይመልሳሉ። ስማቸውና ስልካቸው በአደባባይ እንዲወጣም አልፈለጉም፤ የምትፈልጉ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ። ስትሄዱ ምን ያህል ነዳጅ እንዳለ በርግጠኝነት አውቃችሁ ሂዱ፤ መጀመሪያ የሚጠይቋችሁ እሱን ነው። ከሰዓት በኋላ ስልክ ስለማያነሱ ጠዋት ደውሉ።