«ዳታ አይጥፋ» ብለው ጽፈው ሰጡኝ፤ ከዚያ ሁሉንም አጠፉት

ደብረ ብርሃን ላይ ኮምፒውተር ልታሠሩ ያሰባችሁ፣ እባካችሁ ይህን ሳታነቡ ከቤት እንዳትወጡ። አሁንም ንዴቱ አልለቀቀኝም። የቤቱን ስም አልጠራም፤ ዓይነቱን ግን ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። ፊት ለፊት የሞባይል ከቨርና ቻርጀር የተሰቀለበት፣ በጎን ፎቶ ኮፒ የሚነሳበት፣ ከኋላ በመጋረጃ በተከለለች ጠባብ ክፍል «ቴክኒሻኑ» የሚቀመጥበት ቤት። ምንም ይዛችሁ ብትሄዱ መልሱ አንድ ነው፦ ፎርማት ይፈልጋል፤ ያለውን ጠርጎ ዊንዶውስን እንደ አዲስ መጫን ማለት ነው።

የእኛ ኮምፒውተር የቤት ነው። እኔ የትምህርት ቤት ሥራዬን እሠራበታለሁ፣ ልጆቹ ፊልም ያዩበታል። መብራት ብልጭ ድርግም ሲል ባመሸበት ዕለት አፕዴት እያደረገ ሳለ ጠፋ። ጠዋት ስከፍተው የዊንዶውስ ምልክት መጣ፣ የይለፍ ቃል ጠየቀኝ፣ አስገባሁ። ከዚያ ጥቁር። ፎልደሮቹ የሉም፣ ከታች ያለው ታስክ ባር የለም። የማውሱ ቀስት ብቻ ጥቁሩ ላይ ወዲያ ወዲህ ይላል። አጥፍቼ ባስነሳውም ያው ነው።

እዚያ ቤት ወስጄ ይህን ሁሉ ለቴክኒሻኑ ልጅ ዘርዝሬ ነገርኩት። ቀስቱ እንደሚንቀሳቀስ ሳይቀር ነገርኩት። እሱ ግን ገና ሶኬት ላይ ሳይሰካው «ዊንዶውስ 10 ነው አይደል? እሱማ ጊዜው አልፎበታል፣ ለዚህ ነው እምቢ ያለሽ» አለኝ። ይህ ራሱ ውሸት ነው። ማይክሮሶፍት የዊንዶውስ 10ን መደበኛ ድጋፍ ያቆመው ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. ነው። ያቆመው የደህንነት አፕዴት መላኩን ነው እንጂ ኮምፒውተሩን አይዘጋውም። እስከ ዛሬ በእሱ የሚሠራ ስንት ቢሮ አለ!

እኔ ግን ስለ ዊንዶውሱ አልተከራከርኩም። የፈለጉትን ይጫኑ። ያስጨነቀኝ ውስጡ ያለው ነገር ነው። ዴስክቶፑ ላይ «አባዬ» የሚል ፎልደር አለ፣ እሱ እንዳይጠፋ አልኩት። ምን እንደሆነም ነገርኩት። አባቴ ከማረፋቸው በፊት መሐል ሜዳ፣ ደጃፋቸው ላይ በርኖሳቸውን ደርበው ተቀምጠው የዘር ሐረጋችንን ሲቆጥሩ ወንድሜ የቀረጸው ቪዲዮ ነው። ለመንዝ ሰው ትውልድ መቁጠር ምን ማለት እንደሆነ ለሰሜን ሸዋ ሰው አላስረዳም። ማን ከማን እንደሚወለድ፣ የቱ መሬት በማን በኩል እንደመጣ፣ እነማን መጋባት እንደማይችሉ፣ ሁሉንም በቃላቸው የያዙት እሳቸው ነበሩ። የወንድሜ ስልክ ከተሰረቀ ወዲህ ቪዲዮው ያለው እዚያ ኮምፒውተር ላይ ብቻ ነው።

«ችግር የለውም የኔ እናት፣ ዳታው አይነካም» አለ። ደረሰኙ ላይ ጻፍልኝ አልኩት። ጻፈው። በሰማያዊ እስክሪብቶ፣ ከዋጋው ሥር፣ «ዳታ አይጥፋ» ብሎ አሰመረበት። በ800 ብር ተስማማን፣ ግማሹን ቀብድ ከፈልኩ።

ደውለው አልቋል ሲሉኝ ሄድኩ። ኮምፒውተሩ ባንኮኒው ላይ ተሰክቶ ጠበቀኝ። ልጁ ስክሪኑን ወደ እኔ አዞረና «ይኸው፣ እንደ አዲስ!» አለኝ። ሰማያዊ ፎቶ። ግራ ጥግ ላይ የቆሻሻ ቅርጫቱ ምልክት። ከሥሩ የማላውቃቸው ፕሮግራሞች ተደርድረዋል፤ የቪዲዮ ማጫወቻ፣ ፎቶ ማቀናበሪያ፣ የመኪና ጌም። ስሜ ይታይበት የነበረው ቦታ ላይ «ዩዘር» ይላል።

«ፎልደሬስ?» አልኩት።

«የቱ ፎልደር?»

«አባዬ የሚለው። ዴስክቶፕ ላይ የነበረው።»

ማውሱን ይዞ ዲ የሚለውን የሃርድ ዲስኩን ክፍል ከፈተ። የልጆቹ ፊልሞች አሉ። «አለልሽ እኮ፣ ዲ አልተነካም» አለ።

«ዴስክቶፕ ላይ ነው ያልኩህ እኮ።»

ያኔ ትዝ ያለው ይመስለኛል፤ ፊቱ ልውጥ አለ። ወዲያው ግን ስልኩን አነሳና እየነካካ፣ ቀና እንኳ ሳይል፣ «እሱማ ሲ ላይ ነው። ሲ ፎርማት ይደረጋል፣ የታወቀ ነው። ባክአፕ መያዝ የአንቺ ሥራ ነው» አለኝ።

ደረሰኙን ከቦርሳዬ አውጥቼ ባንኮኒው ላይ ዘረጋሁለት። የራሱ የእጅ ጽሑፍ ነው፣ የራሱ መስመር ነው። ባለቤቱን ጠራው። ባለቤቱ በሁለት ጣቱ አንስቶ አየውና «ማኅተም የለውም» አለ። ሌላ ቃል አልጨመረም። ወደ ልጁ ዞሮ «ቀሪውን ተቀበልና ሸኛት» አለው፣ እኔ ፊቱ ቆሜ። ቪዲዮው የሟች አባቴ ነው፣ ሌላ የለኝም ስል ልጁ ሳቅ ብሎ «ዩቲዩብ ላይ ፈልጊያ» አለኝ። ፎቶ ኮፒ የምታነሳዋ ልጅ ብቻ አንገቷን ደፋች። ፋይል ሊጠፋ ይችላል፣ ሰው ሊሳሳት ይችላል። አንድ «ይቅርታ» ከአፋቸው ቢወጣ ኖሮ ወደ ቤቴ አልቅሼ እገባ ነበር እንጂ ይህን አልጽፍም ነበር።

የበለጠ ያቃጠለኝ በኋላ የሰማሁት ነው። ዩኒቨርሲቲ ኮምፒውተር የሚማር የጎረቤት ልጅ ነገሩን ስነግረው መጀመሪያ የጠየቀኝ «ቀስቱ ይንቀሳቀስ ነበር?» ብሎ ነው። ቀስቱ ከተንቀሳቀሰ፣ የይለፍ ቃልም ከተቀበለ፣ ዊንዶውሱ ተነስቷል ማለት ነው። ዴስክቶፑንና ታስክ ባሩን የሚያወጣው ኤክስፕሎረር የሚባለው ፕሮግራም ነው፤ እሱ ሳይነሳ ሲቀር እንዲህ ጥቁር ይሆናል። ኮንትሮል፣ አልትና ዲሊትን አንድ ላይ ተጭኖ ታስክ ማናጀርን መክፈት፣ ፋይል ከሚለው «ራን ኒው ታስክ» ገብቶ ኤክስፕሎረር ብሎ መጻፍ፣ ብዙ ጊዜ ይህ ብቻውን ይመልሰዋል። እምቢ ካለ ዊንዶውሱን በአስፈላጊው ነገር ብቻ የሚያስነሳው ሴፍ ሞድ አለ፣ ወደ ቀደመው ቀን የሚመልሰው ሲስተም ሪስቶር አለ። ሁሉም ቢያቅት ሃርድ ዲስኩን ፈትቶ ሌላ ኮምፒውተር ላይ ሰክቶ ፎልደሩን መገልበጥ ነው። ይህን የማያውቅ ቴክኒሻን የለም። ፎርማት ግን ማሰብ አይጠይቅም፤ ዊንዶውስ ያለበትን ፍላሽ ሰክቶ ሻይ መጠጣት ነው።

ሌላም አለ። በተለመደው ፈጣን ፎርማት ፋይሉ ወዲያው ከሃርድ ዲስክ አይፋቅም። የመጽሐፍን ማውጫ እንደ መቅደድ ነው፤ ገጾቹ አሉ፣ የሚያመለክት የለም። ዘላለም የሚጠፋው አዲስ ነገር ሲጻፍበት ነው። እነሱ ደግሞ አዲሱን ዊንዶውስ ጫኑበት፣ በላዩ ላይ ማንም ያልጠየቃቸውን ጌምና ፕሮግራም በነፃ ብለው ሞሉበት። ሃርድ ዲስኩን አዲስ አበባ ልኬ ፋይል የሚያወጣ ሰው ሞከረልኝ። ፎቶዎቹ ስማቸው ቁጥር ሆኖ በከፊል ወጡ። ቪዲዮውም ወጥቷል፣ መጠኑም ይታያል። ግን አይከፈትም። ያስቀጠልኩት ሙከራ አለ፤ ተስፋ ግን አልሰጡኝም።

ለእናንተ የምለው አጭር ነው። ዴስክቶፕ፣ ዶክመንትስ፣ ዳውንሎድስ፣ ሌላ ቦታ ካልወሰዳችኋቸው ሁሉም ሲ ላይ ናቸው፤ «ዲ አይነካም» ሲሏችሁ አትረጋጉ። አስቀድመው ፋይላችሁን ሌላ ዲስክ ላይ ይገልብጡ፣ እናንተም ከፍታችሁ እዩት፣ ከዚያ የፈለጉትን ያድርጉ። ፎርማት አድርገውባችሁ ከሆነ ደግሞ ኮምፒውተሩን እዚያው ዝጉት፤ ምንም አትጫኑበት። ደረሰኝ ላይ ማኅተም አስመቱ።

እኔ ለከተማው ንግድ ጽሕፈት ቤት ማመልከቻ ጽፌያለሁ። የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ላይ ሸማች ለደረሰበት ጉዳት ካሳ የመጠየቅ መብት እንዳለው ተጽፏል፣ እሱን ጠቅሻለሁ። የደረሰኙን ኮፒም አያይዣለሁ፣ «ዳታ አይጥፋ» የሚለው ጽሑፍ በደንብ ይነበባል። ከዚህ ቤት ተመሳሳይ ነገር የደረሰበት ካለ በውስጥ መስመር ይጻፍልኝ፣ ደረሰኙንም ይዞ ይምጣ፤ አብረን እናስገባዋለን።