ለላብቪው ቢልዳችን መላ ላገኘችልን እህታችን ምስጋና፣ ለተቸገራችሁም ጥቆማ

ሰላም ወገኖቼ። እዚህ ዳላስና አካባቢው ያላችሁ፣ በሌላም አገር ሆናችሁ በፍተሻና በመለኪያ ሶፍትዌር ሥራ ላይ የተሰማራችሁ፣ ይህን ጽሑፍ እስከ መጨረሻው እንድታነቡልኝ እለምናለሁ። አንዲት ሀበሻ ኢንጂነር ለክፍላችን የሠራችው ሥራ በአንድ ኢሜይል «አመሰግናለሁ» ተብሎ የሚታለፍ አይደለም። ሥራዋን በደፈናው ከማወድስ ምን እንዳደረገች ልንገራችሁ፤ ሙያውን የምታውቁ ራሳችሁ ትመዝኑታላችሁ።

የእኛ ክፍል በሕክምና መሣሪያዎች ውስጥ የሚገጠሙ ሰርኪት ቦርዶችን ከፋብሪካ ከመውጣታቸው በፊት ይፈትሻል። የፍተሻው ፕሮግራም የተሠራው በላብቪው ነው። ለማታውቁት፣ ላብቪው ከ1986 ጀምሮ ያለ ሶፍትዌር ነው፤ ፕሮግራሙ የሚሠራው መስመር በመስመር በመጻፍ ሳይሆን በስክሪን ላይ ምልክቶችን በሽቦ እያገናኙ ነው። እያንዳንዱ ቁራጭ ፕሮግራም ቪአይ ይባላል። የእኛ ፕሮጀክት ከሺህ በላይ ቪአዮች አሉት። ማታ ማታ ጄንኪንስ (ሥራዎችን በራሱ የሚያስኬድ ፕሮግራም) ኮዱን ከጊት (የኮድ ለውጦች ከሚመዘገቡበት ማከማቻ) ያወርድና በላብቪው ሲኤልአይ (ላብቪውን በትእዛዝ መስመር በሚያዘው መሣሪያ) በኩል ቢልድ ያደርገዋል፣ ማለትም ለአገልግሎት ወደሚሆን ፕሮግራም ይቀይረዋል፤ ወደ ፋብሪካው የሚላከው ፕሮግራም የሚወጣው ከዚያ ነው።

ይህ ቢልድ ነበር ያስጨነቀን። ማንም ያልነካው ያው ኮድ ማክሰኞ ያልፋል፣ ረቡዕ ይወድቃል። አንዳንዴ ኤረር 1502 ይሰጣል፤ «የተበላሸ ቪአይ ያለ ብሎክ ዲያግራሙ (በሽቦ ከተያያዘው ሥዕሉ ውጭ) ሴቭ ሊደረግ አይችልም» ማለቱ ነው፤ ተበላሸ የሚባለው ቪአይ ግን በየጊዜው ሌላ ነው። አንዳንዴ ኤረር -350000 ይመጣል፤ ሲኤልአዩ ከላብቪው ጋር መገናኘት አልቻለም ማለት ነው። አንዳንዴ ደግሞ ምንም ሳይል ተገትሮ ያድራል። ፕሮጀክቱን ከፍተን በእጃችን ስናስጀምረው ያልፋል። ስለዚህ ሲወድቅ እንደገና ማስነሳት፣ ሲያልፍ መላክ የክፍሉ ልማድ ሆነ።

በሌላ ቋንቋ ቢሆን ያለፈውንና የወደቀውን ኮድ ጎን ለጎን አስቀምጦ ማነጻጸር ይቻል ነበር። ቪአይ ግን ባይነሪ፣ ማለትም እንደ ጽሑፍ የማይነበብ ፋይል ነው፤ ጊት «ተቀይሯል» ከማለት በቀር ምኑ እንደተቀየረ አያሳይም። ከዚህም ሌላ ኮምፓይል የተደረገው (ኮምፒዩተሩ ወደሚያስኬደው መልክ የተቀየረው) ኮድ በልማድ እዚያው ቪአዩ ውስጥ ስለሚቀመጥ፣ ማንም ሽቦ ሳይነካ ላብቪው ራሱ ፋይሉን እንደተቀየረ ሊቆጥረው ይችላል። ከ2010 እትም ወዲህ ሁለቱን መለየት ይቻላል፤ በእኛ ፕሮጀክት ግን ገሚሱ የተለየ፣ ገሚሱ ያልተለየ ነበር።

እህታችንን ያገኘኋት በወዳጄ በኩል ነው። የ5 ኪሎ ልጅ ናት፤ ብዙ ዓመት በፍተሻ ሥርዓቶች ላይ ሠርታለች። መጀመሪያ የጠየቀችን ነገር አስገረመኝ። ቢልዱ ሲወድቅ ማንም እንደገና እንዳያስነሳው፣ ኮምፒዩተሩንም እንዳያጠፋው፤ በወደቀበት ሁኔታ እንዲቆያት ፈለገች። ቀጥላ አንድ ኮሚት (በጊት የተመዘገበ አንድ የኮድ ሁኔታ) መረጠችና ምንም ሳይቀየር ሌሊቱንና ቅዳሜ እሑዱን ደጋግሞ ቢልድ እንዲሆን አደረገች። ከእያንዳንዱ ቢልድ በፊትና በኋላ የትኛው ላብቪው ክፍት እንደሆነ፣ በየትኛው ፖርት (የመገናኛ ቁጥር) እንደሚያዳምጥ፣ ስክሪኑ ላይ ምን እንደሚታይ የሚመዘግብ ስክሪፕት ጻፈች። ሰኞ ጠዋት ሰብስባን ሰንጠረዡን ዘረጋችና «ይሄ አንድ በሽታ አይደለም፤ ሦስት በሽታ በአንድ ስም እየተጠራ ነው» አለች።

ተገትሮ የሚያድረው ምክንያቱ ቀላል ነበር። የጄንኪንስ ኤጀንቱ (በቢልድ ኮምፒዩተሩ ላይ ሆኖ የጄንኪንስን ትእዛዝ የሚፈጽመው ፕሮግራም) የሚሠራው እንደ ዊንዶውስ ሰርቪስ፣ ማለትም ከጀርባ እንደሚሄድ ፕሮግራም ነው። ዊንዶውስ ደግሞ ሰርቪሶችን ሰው በማያየው የተለየ ሴሽን ውስጥ ነው የሚያስኬዳቸው። ላብቪው አንድ ጊዜ ድንገት ከተዘጋ በሚቀጥለው ሲከፈት «ያልተቀመጡ ፋይሎችን ላውጣ ወይ?» የሚል መስኮት ያመጣል፤ ያን መስኮት የሚያይ፣ የሚጫንም የለም። ኤጀንቱን በተከፈተ የተጠቃሚ ሴሽን ውስጥ እንዲሠራ አደረገችው፤ ከእያንዳንዱ ቢልድ በፊትም የመልሶ ማግኛ ፋይሎቹ ተጠርገው የቀረ ላብቪው ካለ እንዲዘጋ አደረገች።

ኤረር -350000 የመጣው ደግሞ ሁለት የላብቪው እትሞች በአንድ ኮምፒዩተር ላይ ስላሉ ነው። ሁለቱም በተለመደው 3363 ፖርት ላይ ነበሩ፤ አንዱ ሳይዘጋ ከቀረ ሌላው ቦታ ያጣል። ለየእትሙ የራሱን ፖርት ሰጠችና በአንድ ጊዜ አንድ ቢልድ ብቻ እንዲሄድ አደረገች። በዚሁ አጋጣሚ፣ የብራንች (ለብቻው የሚሠራበት የኮድ ቅርንጫፍ) ስም ሲረዝም የፎልደሩ መንገድ የዊንዶውስን የ260 ፊደል ወሰን እያለፈ የሚወድቅ ቢልድ እንዳለም አገኘችና የሥራውን ፎልደር ከድራይቩ ሥር አጠገብ አዛወረችው።

ሦስተኛው ነው ዛሬም ሳስበው የሚደንቀኝ። ላብቪው በሜሞሪ የያዛቸውን ቪአዮች ሁሉ ስም የሚሰጥ ፕሮፐርቲ አለው። እሷ በዚያ ተጠቅማ የእያንዳንዱን ቪአይ ስምና የመጣበትን ፎልደር የሚጽፍ ትንሽ ቪአይ ሠራች፤ ከዚያ ያለፈውን ቢልድ ዝርዝር ከወደቀው ጋር አነጻጸረች። ከሺህ በላይ መስመር ውስጥ የተለያዩት ጥቂት መስመሮች ነበሩ። ስማቸው አንድ፣ ፎልደራቸው ሁለት፤ አንዱ ከፕሮጀክቱ ፎልደር፣ ሌላው ከዓመታት በፊት ዩዘር ሊብ (ተጠቃሚዎች የራሳቸውን ቪአዮች የሚያስቀምጡበት የላብቪው ፎልደር) ውስጥ ከተቀመጠ አሮጌ ግልባጭ። ላብቪው በአንድ ፕሮጀክት ውስጥ ተመሳሳይ ሙሉ ስም ያላቸውን ሁለት ቪአዮች በአንድ ጊዜ አይዝም፤ ቀድሞ የተጫነው ቦታውን ይይዛል፣ ሌሎቹ ጠሪዎችም (በዚያ ስም የሚጠቀሙት ቪአዮች) ከእሱ ጋር ይያያዛሉ። ከፊሎቹ ጠሪዎች አዲሱን ፎልደር፣ ከፊሎቹ አሮጌውን ያስታውሳሉ። ቢልዳችን ሁለት ትእዛዞች አሉት፤ ስለዚህ ከሁለቱ የትኛው እንደቀደመ ውጤቱን ይወስነው ነበር። አሮጌው ግልባጭ አንድ መግቢያ ስለሚጎድለው፣ እሱ ቀድሞ ሲጫን የጠሩት ቪአዮች ይበላሻሉ፤ ቢልዱም ብሎክ ዲያግራማቸውን አውጥቶ ሊያስቀምጣቸው ሲል 1502 ይላል። ተበላሸ የሚባለው ስም በየጊዜው የሚለያየው ለዚህ ነበር።

እዚህ ላይ ብታቆም ኖሮ እኛ ደስ ብሎን ሂሳቧን እንከፍል ነበር። አላቆመችም። «እኔን ያሳሰበኝ የወደቀው አይደለም፤ ያለፈው ነው» አለች። ከእነዚያ ቪአዮች አንዱ፣ አሮጌውም አዲሱም መግቢያና መውጫቸው አንድ ዓይነት ነው፤ የሚለየው ውስጣቸው ያለው ፊልተር (የሚለካውን ሲግናል የሚያጣራው ክፍል) ነው። አሮጌው ቀድሞ ቢጫን ምንም ኤረር አይወጣም፤ ቢልዱ ያልፋል፣ ፋብሪካው ግን በአሮጌ ፊልተር ይለካል። ያ ቦርድ ወደ ሕመምተኛ አልጋ አጠገብ ነው የሚሄደው። ወደ ፋብሪካው የተላኩትን እትሞች አንድ በአንድ አምጥታ፣ መጠኑ የታወቀ ሲግናል እያስገባች ፊልተራቸውን መረመረች። ሁሉም ትክክለኛው ሆኖ ተገኘ። ያን ቀን ውጤቱን ስትነግረን የተሰማኝን እፎይታ በቃል መግለጽ ይከብደኛል። ይህን ሥራ ያዘዛት ማንም አልነበረም።

ከዚያ በኋላ አሮጌዎቹን ግልባጮች አስወገደች፤ የቀሩትን የጋራ ቪአዮች ወደ ጊት አምጥታ በኤልቪሊብ (በላብቪው ላይብረሪ ፋይል) ውስጥ አስገባቻቸው፤ አሁን ስማቸው ከላይብረሪው ስም ጋር ስለሚጠራ ከሌላ ጋር አይምታታም። ኮምፓይል የተደረገውን ኮድ ከሁሉም ቪአዮች ለየች፤ ያ ኮድ የሚከማችበት ካሽም ከምሽቱ ቢልድ በፊት እንዲጸዳ አደረገች። ያ የዝርዝር ቪአይም እስከ ዛሬ ይሠራል፤ ከፕሮጀክቱ ፎልደርና ከላብቪው ጋር አብረው ከሚመጡት ቪአዮች ውጭ የሆነ ቪአይ ካየ ስሙን ጠርቶ ቢልዱን ያቆማል። አሁንም ቢልድ ይወድቃል፤ ሲወድቅ ግን ኮዱ ውስጥ ስህተት አለ ማለት ነው፣ የት እንዳለም እናውቃለን።

ለክፍሉ ወጣቶችም ጊዜዋን አልነፈገችም። እነሱ ኪቦርዱን ይዘው እሷ አጠገባቸው ተቀምጣ ነው ሁሉን ያሠራቻቸው። አብራን የምትሠራ ልጅ ባለፈው ሌላ ፕሮጀክት ላይ ተመሳሳይ ችግር ሲነሳ እኛን ሳትጠራ ለብቻዋ ፈታችው። እህቴ፣ እግዚአብሔር ይስጥልን፤ ዕድሜና ጤና ይስጥሽ።

አሁን ወደ ጥቆማው። የላብቪው ቢልድ አንዴ እያለፈ አንዴ እየወደቀ ያስቸገራችሁ፣ ጄንኪንስም ሆነ ሌላ ብትጠቀሙ፣ ያለ ማመንታት ጥሯት። ዋጋዋ ርካሽ አይደለም፤ ከሥራዋ አንጻር ግን ተገቢ ነው እላለሁ። ችግሩን ሳታይ ጠቅላላ ዋጋ አትቆርጥም፤ መጀመሪያ ለምርመራው ብቻ ታስከፍልና ያገኘችውን በጽሑፍ ትሰጣችኋለች፤ ከዚያ ልትቀጥሉ ወይም ልትተዉ ትችላላችሁ። የማትችለውን በግልጽ ትናገራለች፤ የኤፍፒጂኤ (ውስጡ በፕሮግራም የሚዋቀር ቺፕ) ሥራ እንደማትቀበል እኛንም ገና በመጀመሪያው ስልክ ነግራናለች። የምትፈልገው የቢልድ ኮምፒዩተሩን በርቀት ማግኘት፣ ፕሮጀክቱን የሚያውቅ አንድ ሰው፣ ለጥቂት ሌሊቶችም የማታውን ቢልድ በእጇ መያዝ ነው። አለቆቻችሁን ለዚህ ቀድማችሁ አሳምኑ።

ስሟንና ስልኳን እዚህ እንዳልለጥፍ ጠይቃኛለች፤ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፣ ለእሷ አስተላልፋለሁ። ስትጽፉልኝ የላብቪው እትማችሁን፣ 32 ቢት ይሁን 64፣ ያለፈና የወደቀ ቢልድ ሎግ (የሂደቱ መዝገብ) አንዳንድ አብራችሁ ላኩ፤ መጀመሪያ የምትጠይቀው እነሱን ነው።