ድንኳናችንና ላንጋኖ፦ ከ63 ሌሊት በኋላ

ድንኳኑን ያመጣችልን እህቴ ናት። በ2008 ዓ.ም. ለገና ከአሜሪካ ስትመጣ ሻንጣዋ ውስጥ ከታው መጣች። ስምንት ኪሎ ይመዝናል። አንድ ሻንጣ ከሚይዘው 23 ኪሎ ውስጥ ስምንቱን ለእኛ ሰጠች ማለት ነው። የገዛችው በ140 ዶላር ነው። ከረጢቱ ላይ «የስድስት ሰው» ይላል።

ከዚያ ወዲህ ከላንጋኖ ሌላ የትም ተተክሎ አያውቅም። የሄድንበትን ቀን የምጽፍበት ደብተር አለኝ። ባለፈው ጥር ስደምረው 63 ሌሊት ሆነ። ከሁለት ወር በላይ በጨርቅ ቤት ኖረናል ማለት ነው። አሁን ድንኳኑንም ላንጋኖንም ተሰናብተናል። ድንኳን ለመግዛት የሚያስብ ሰው ካለ ይጠቅመዋል ብዬ ያየሁትን ሁሉ እጽፋለሁ። ለራሴም ሳልጽፈው ብቀር ይቆጨኛል።

የስፋቱን ነገር ቶሎ ልጨርሰው። «የስድስት ሰው» ሲባል ስድስት ሰው ትከሻ ለትከሻ ገጥሞ፣ ሻንጣውን ውጭ ትቶ ሲተኛ ነው። እኛ አምስት ነበርን፤ እኔ፣ ባለቤቴ፣ እናቴ፣ የስድስት ዓመት ልጃችንና የሦስት ዓመት ወንድሟ። ልጆቹ ትንንሽ ሳሉ በደንብ በቃን። ሲያድጉ ጠበበን። ስትገዙ ከቤተሰባችሁ ቁጥር ላይ ሁለት ጨምሩ።

አሁን ወደ ነፋሱ ልምጣ። የድንኳን ፈተናው ነፋስ ነው።

የመጀመሪያው ጉዟችን ጥር ላይ ነበር። ሐይቁ ዳር ስንደርስ ሰባት ሰዓት ሆኗል። ውሃው ዝም ብሏል፤ ቅጠል አይነቃነቅም። ድንኳኑን ደጁን ወደ ሐይቁ አድርገን ተከልነው፤ ጠዋት ስንነሳ ውሃውን እንድናይ። የግቢው ጥበቃ መጥተው ቆመው አዩን። ጋሼ እንላቸዋለን። የአካባቢው የአርሲ ሰው ናቸው። «አዙሩት፤ ነፋስ ይመጣል» አሉን። አመሰገንናቸው፤ ግን አላዞርነውም።

አስር ሰዓት ሲሆን ነፋሱ ከሐይቁ ተነሳ። ላንጋኖ ከሰዓት በኋላ እንዲህ ነው። ጠዋት የተኛው ውሃ ማዕበል ያወጣል። ነፋሱ በደጁ ገብቶ ድንኳኑን እንደ ፊኛ ነፋው። አራት ካስማ በአንዴ ተነቀለ። እናቴ ውስጥ ልጁን አቅፋ «ማርያም! ማርያም!» ትላለች። ጋሼ ሁለት ጎረምሶች አስከትለው ሮጠው ደረሱልን። አንድም የወቀሳ ቃል አልተናገሩም። ነፋሱ ጋብ ሲል ከእኛ ጋር አዞሩት፤ ጀርባውን ለሐይቁ፣ ደጁን ለግራሩ። ከዚያ ባዶ ማዳበሪያ አምጥተው አሸዋ ሞሉበትና አውታሩን በሱ አሰሩት። ከዚያ ቀን በኋላ ሌላ ዓይነት አተካከል አልሞከርንም። ድንኳኑም ሁለተኛ አልተነቀለም።

አብረውት የሚመጡት ካስማዎች ግን አይረቡም። ቀጫጭን ሽቦ ናቸው። አሸዋ አይዛቸውም፣ ድንጋይ ሲነካቸው ይጣመማሉ። ሰፈር ያለ በያጅ ከባለ 8 ፌሮ 40 ሳንቲ ሜትር እየቆረጠ አስራ ሁለት ሠራልን። ጫፋቸውን አሾለ፣ ራሳቸውን እንደ መንጠቆ አጠፈ። ይከብዳሉ፤ ግን አንዱም አልተጣመመም። ይህን ድንኳን ላለው ሰው ሁሉ እመክራለሁ።

ዘንጎቹ ፋይበርግላስ ናቸው። በሦስተኛው ዓመት አንዱ ለሁለት ተሰነጠቀ። ለጊዜው በናስትሮ ጠቀለልነው። አዲስ አበባ ስንመለስ ባለቤቴ ምናለሽ ተራ ወስዶ በልኩ የብረት ቱቦ አስገባበት። ልጄ የታመመው ዘንግ እንዳይጠፋን ብላ ቀይ ክር አሰረችበት። ከዚያ በኋላ ስንተክል መጀመሪያ «ቀዩ ክርስ?» ነው የምንባባለው። እሱን ከነፋሱ በተቃራኒ በኩል እናደርገዋለን።

ዝናብ? አንድ ፋሲካ ላይ የበልጉ ዝናብ ሌሊት ሙሉ ወረደብን። የድንኳኑ ወረቀት 1,500 ሚሊ ሜትር ይላል። ጨርቁ አንድ ሜትር ተኩል ከፍታ ያለው የውሃ ዓምድ ሳያሰርግ ይችላል ማለት ነው። ሌሊቱን በባትሪ ስፌቱን እያየሁ አደርኩ። አንድ ጠብታ አልገባም። ጠዋት ግን ጣሪያው በውስጥ በኩል ረጥቦ አገኘሁትና «አፈሰሰ!» ብዬ ደነገጥኩ። ለካ የራሳችን ትንፋሽ ነው። አምስት ሰው ሌሊቱን ሲተነፍስ እንፋሎቱ ቀዝቃዛው ጨርቅ ላይ ውሃ ይሆናል። መፍትሔው የላይኛውን መስኮት በዝናብም ቢሆን በጥቂቱ መክፈት ነው። ብዙ ሰው ድንኳኑ የሚያፈስ እየመሰለው ይጥለዋል። እባካችሁ መጀመሪያ መስኮቱን ክፈቱ።

መረቡን ጦጣ ቀደደው። ዳቦ ውስጥ ትተን ልንዋኝ ሄደን ነበር። አካባቢው ወባ ስላለበት ቀዳዳ ይዞ ማደር አይቻልም። እናቴ አሮጌ አጎበር ቆርጣ በእጇ ጣፈችው። ጥፍያው ከመረቡ በላይ ዕድሜ አገኘ።

ከሁሉ የሚቆጨኝ ግን የጨርቁ የውስጥ ልባስ ነገር ነው። ጥፋቱ የእኛ ነው። ሁልጊዜ ከላንጋኖ ስንመለስ ድንኳኑን በረንዳ ላይ ዘርግተን እናደርቀው ነበር። የካቲት 2012 የመጨረሻውን ጠዋት በጥድፊያ ከነጤዛው ጠቅልለን መጣን። «ቅዳሜ እንዘረጋዋለን» አልን። ቅዳሜው ሳይመች ቀረ። መጋቢት ላይ ኮሮና ገባ፣ ትምህርት ቤቶች ተዘጉ፣ ድንኳኑ ቁም ሳጥን ላይ ተረሳ።

የፈታነው ጥር 2014 ነው። መጀመሪያ ሽታው መጣ። ከዚያ ጨርቁ እርስ በርሱ ተጣብቋል። ውስጡ እንደ ቅርፊት እየተላጠ ይረግፋል። ልባሱ ውሃ እንዳያስገባ ከውስጥ የሚቀባ ፖሊዩረቴን የሚባል ፕላስቲክ ነው፤ እርጥበት ላይ ሲከርም ይፈርሳል፤ ወደነበረበት አይመለስም። እያለቀስኩ ለብ ባለ ውሃ አጠብኩት። ከዚያ በኋላ ለዝናብ ላስቲክ ከላይ መደረብ ግድ ሆነ። አሥር ደቂቃ ፀሐይ ላይ ብናሰጣው ኖሮ አሁንም አዲስ ይመስል ነበር። ድንኳን ያላችሁ ዛሬውኑ አውጡና እዩት።

የድንኳኑ ነገር ይህ ነው። ግን ስለ ድንኳን ብቻ ብጽፍ እውነቱን ደበቅኩ ማለት ነው። ውስጡ የተኛነው ለላንጋኖ ብለን ነው።

ከአዲስ አበባ 200 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። መንገዱ ራሱ የበዓል አካል ነበር። መቂ ላይ ሐብሐብና ቲማቲም፣ ባቱ ላይ የቆሮሶ ዓሣ ጥብስ። ባቱ ሐይቁ ዳር አባ ኮዳዎች የዓሣ ትራፊ ሲሻሙ ልጄ ሰዓት ሙሉ ቆሞ ያያቸዋል። ቡልቡላን ስናልፍ ማነው ሐይቁን ቀድሞ የሚያይ ብለን እንወዳደራለን።

የላንጋኖ ውሃ ቡናማ ነው። መጀመሪያ ያየው ሰው ቆሻሻ ይመስለዋል። ደቃቅ አፈር ተንሳፍፎ ስለሚኖርበት ነው፤ እስከ 48 ሜትር ጥልቀት ያለው ትልቅ ሐይቅ ነው። ከቢልሃርዚያ ነፃ ነው ስለሚባል ሰው ሳይፈራ ይዋኝበታል። ሁለቱም ልጆቼ መዋኘት የተማሩት እዚያ ነው። ባለቤቴም። ፀሐይ የምትወጣው ከማዶ፣ ከአርሲ ተራሮች ጀርባ ነው። አሥራ ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ እናቴ ነጠላዋን አጣፍታ ውሃው ዳር ትቆማለች። ጸሎቷን ስትጨርስ ጉልበቷን ታጥባለች። «ይሻለኛል» ትላለች። ይሻላት ነበርም።

በየጉዞው አንድ ቀን ወደ አብያታ ሻላ ፓርክ እንሄድ ነበር። አብያታ ከላንጋኖ የሚወጣው ሆራ ቀሎ ወንዝ የሚገባበት ሐይቅ ነው፤ ማለት የላንጋኖ ውሃ ወደሱ ይወርዳል። ግን አብያታ እየሸሸ ነው። ለመስኖ የሚጠለፈው ውሃና የሶዳ አሽ ምርቱ ብዙ ጎድተውታል። በመጀመሪያው ዓመት እስከ ውሃው የሄድነው መንገድ በየጊዜው ይረዝምብን ጀመር። የነጣው ደለል ላይ ረጅም መንገድ ሄደን ፍላሚንጎ ፍለጋ ዓይናችንን እናጨናብሳለን። ልጄ አንድ ቀን «እማዬ፣ ሐይቁ የት ነው የሚሄደው?» አለኝ። የምመልስለት አልነበረኝም።

መንገድ ዳር የሚሸጠው ከሰልም ያሳስበኛል። ግራር ነው። ሻጮቹን አልወቅስም፤ ልጆቻቸውን የሚያበሉበት ነው። ግን የእኛ ድንኳን የተጠለለው ግራር ሥር ነው፤ ግራር በሌለበት ያ አሸዋ ላይ እስከ ረፋድ እንኳ መቆየት አይቻልም። እኛም ስጋ ስንጠብስ የዚያኑ ከሰል ገዝተናል። ይህን አውቃለሁ።

አምና ጥር ነው ጋሼ የነገሩን። ድንኳን መትከያው ሊቀር ነው። ቦታው ላይ ቤቶች ይሠራሉ። ባለቤቶቹን አልከስም፤ ንብረታቸው ነው። ነገር ግን ለእንደኛ ያለ ደመወዝተኛ ቤተሰብ፣ ሐይቅ ዳር አምስት ሌሊት ማደር የሚቻለው ድንኳን ስላለ ነበር። ክፍል ይዘን አምስት ሰው ማሳደር አንችልም። ድንኳን የሚተከልባቸው ሜዳዎች ሲያልቁ ላንጋኖ የማያውቁ ልጆች ያድጋሉ። ይህ ያሳዝነኛል፣ ደግሞም ሊታሰብበት ይገባል።

እናም ባለፈው ጥር ለመጨረሻ ጊዜ ሄድን። እናቴ ሁለት ዓመት ሳትመጣ ቆይታ ነበር፤ ከመሬት መነሳት ስለከበዳት። ያን ጊዜ ግን «አልቀርም» አለች። ወፍራም ስፖንጅ ፍራሽ ሁለት ደርበን አነጠፍንላት። ሴት ልጄ አሁን አስራ አምስት ዓመቷ ነው። እንደ ሕፃንነቷ ከአያቷ ጎን ተኛች። ጋሼ ጠዋት «አካም ቡልተን» እያሉ መጡ። ጀበናው ሲፈላ አብረውን ተቀመጡ። «ኢጆሌ፣ ኑ» ብለው ልጆቹን ጠሩ። ልጆቹ ቁመታቸው በልጧቸዋል። ሦስተኛው ቡና እስኪወርድ ማንም ስለ መሄድ አላወራም።

ድንኳኑን ሌላ ቦታ ትከሉት ያሉኝ ሰዎች አሉ። ሐዋሳ አለ፣ ወንጪ አለ። ምናልባት አንድ ቀን ሌላ ድንኳን ይዘን እንሄዳለን። ይህ ግን የላንጋኖ ድንኳን ነው። ጋሼ ግንባታው ሲጀመር ሲሚንቶና ፌሮ የሚጠብቁት ሜዳ ላይ አድረው ነው። ማደሪያ የላቸውም። ስለዚህ ባለቤቴን አየሁት፤ እሱም አየኝ፤ ተስማማን።

መልሼ እገዛው ነበር ወይ? አዎ። ዚፑ እስከ መጨረሻው በደንብ ሠርቷል፤ ሲከብድ ሻማ እያሸሁበት ነው። ስፌቱ የትም አልተተረተረም። ከነፌሮ ካስማውና ከነላስቲኩ ገና ብዙ ሌሊት ያሳድራል። ሁሉንም ለጋሼ አሳየኋቸው፤ የአጎበሩን ጥፍያ፣ የሚከፈተውን የላይኛውን መስኮት፣ ከዝናብ በኋላ ሳያደርቁ እንዳያጥፉት። በትዕግሥት ሰሙኝ። ሲመርቁን እናቴ ራሷን ሸፍና «አሜን፣ አሜን» አለች። «ነጋቲ» ተባብለን መኪና ውስጥ ገባን። ዞሮ ያላየ አልነበረም።

መቂ ደርሰን ሐብሐብ ስንመርጥ ስልኬ ጮኸ። አሥር ሰዓት አልፎ ነበር። ጋሼ ናቸው። ከበስተጀርባቸው ጨርቅ ሲርገበገብ፣ ማዕበሉም ሲመታ ይሰማኛል።

«ልጄ፣ ነፋሱ መጣ» አሉኝ።

«ቀዩ ክርስ?»

«በግራሩ በኩል ነው። ቆሟል።»