ወፍራሙ የኃይል ገመድ ከወራት በኋላ፦ ገመዱን አልጸጸትበትም፣ ስለ ድምፁ የተነገረኝን ግን አልቀበልም

ለአምፕሊፋየሬ የገዛሁት ወፍራም የኃይል ገመድ የቤቴን ድምፅ በእርግጥ ለውጦታል፤ የለወጠው ግን ሻጩ ቃል በገባልኝ መንገድ አይደለም። ሻጩ ዝቅተኛው ድምፅ እንደሚጠልቅ፣ በድምፃዊውና በመሣሪያዎቹ መካከል ያለው ጸጥታም እንደሚጠራ ነግሮኝ ነበር። ገመዱ በተሰካበት የመጀመሪያ ምሽት ከስፒከሮቹ የወጣው ግን ከዚያ በፊት በቤታችን ተሰምቶ የማያውቅ፣ እምም የሚል የማያቋርጥ ጉምጉምታ ነው። ወቅቱ ሁዳዴ በመሆኑ በዲሽ የሚተላለፍ የበገና መዝሙር እያዳመጥን ነበርና ጉዳቱ ወዲያው ታወቀኝ። በገና ከእንዚራው፣ ማለትም ከአውታሮቹ ሥር ከሚገቡት ቁርጥራጭ ቆዳዎች፣ የሚያገኘው ንዝረት ዋናው ውበቱ ነው፤ ባዕድ ንዝረት ከሥር ሲገባበት የአውታሮቹ ቃና ይደፈርሳል፣ የደርዳሪው የጣት ምትም ይደበዝዛል።

ግዢውን ግን አልጸጸትበትም። አምፕሊፋየሩ ሁለተኛ እጅ ሲሆን አብሮት የመጣው ገመድ በጀርባው መሰኪያ ላይ ልል ነበር፤ በር በኃይል ሲዘጋ ድምፁ ይቋረጥ፣ ጫፉም ሲነኩት ይሞቅ ነበር። እንዲህ ያለ ልል ግንኙነት ውሎ አድሮ እሳት ሊያስነሳ እንደሚችል የኤሌክትሪክ ሠራተኞች ሁሉ ይናገራሉ። ዋጋው ለአንድ ጥሩ የኤሌክትሪክ ምጣድ የሚጠጋው አዲሱ ገመድ እያንዳንዳቸው 1.5 ካሬ ሚሊ ሜትር የሆኑ ሦስት የመዳብ ሽቦዎች አሉት፣ መሰኪያውን አጥብቆ ይይዛል፣ እስከ ዛሬም አልላላም፤ አልሞቀምም። ለደኅንነት የገዛሁት ዕቃ ደኅንነቴን ጠብቆልኛል፤ በዚህ በኩል ምንም ቅሬታ የለኝም።

ስለ ጉምጉምታው ለሻጩ ስደውል የተሰጠኝ መልስ ገመዱ ገና አልተሟሸም፣ ብዙ ሰዓት ኤሌክትሪክ ካለፈበት በኋላ ይስተካከላል የሚል ነበር። ይህን መልስ አጥብቄ እቃወማለሁ። አዲስ ምጣድ በጎመን ዘር ሲሟሽ ገጹ በእርግጥ ይለወጣል፤ በሰከንድ 50 ጊዜ የሚመላለስ ኤሌክትሪክ የሚያልፍበት መዳብ ግን በመቆየት ብዛት የሚያገኘው አዲስ ጠባይ የለም። እኔም ሁዳዴውን ሙሉ፣ ከዚያም ክረምቱን አልፌ አዳመጥኩት፤ ጉምጉምታው በመጀመሪያው ምሽት እንደነበረው ሆኖ ቀጠለ። የሚሟሽ ነገር አለ የሚል ሻጭ ዕቃ የመመለሻው ጊዜ እስኪያልፍ ድረስ ገዢውን ያቆየዋል እንጂ ሌላ ምንም አያተርፍለትም።

ለጉምጉምታው ምክንያት ፍንጭ የሰጠኝ የአምፕሊፋየሩ መምረጫ ነው። ወደ ዲሽ ሪሲቨሩ ሲዞር ይጎመጉማል፤ ወደ ሲዲ ማጫወቻው ሲዞር ጸጥ ይላል። ችግሩ የኃይል ገመዱ ጥራት ቢሆን ኖሮ በሁሉም ላይ እኩል በተሰማ ነበር። የዲሹን ገመድ ከሪሲቨሩ ጀርባ ስፈታው ጉምጉምታው በቅጽበት ጠፋ፤ መልሼ ሳስረው ተመለሰ። ከዚያ አሮጌውን ገመድ በቴስተር ለካሁት። በአምፕሊፋየሩ በኩል ያለው ጫፍ ሦስት ቀዳዳ ቢኖረውም በውስጡ ያለፉት ሽቦዎች ሁለት ብቻ ነበሩ፤ ያፈተለከ ኤሌክትሪክን ወደ መሬት የሚያወርደው የመሬት መስመር ቀዳዳ ከምንም ጋር አልተገናኘም። እንዲህ ያሉ ከውጭ ሙሉ መስለው ከውስጥ የጎደሉ ገመዶች በገበያችን እንደ ልብ መሸጣቸው ከዚህ ሁሉ ነገር ይልቅ የሚያሳስበኝ ነው።

ነገሩ የሆነው እንዲህ ነው። የምኖረው በአዲስ አበባ ዳርቻ፣ በቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም ሲሆን ዲሻችን በበረንዳው ብረት ላይ ታስሯል፤ ብረቱ ከሕንፃው ብረት፣ የሕንፃው ብረትም ከመሬት ጋር ይገናኛል። በአሮጌው ገመድ ጊዜ አምፕሊፋየሩ በራሱ በኩል ከመሬት ጋር የሚገናኝበት መንገድ አልነበረውም። አዲሱ ገመድ በትክክል የተሠራ በመሆኑ የአምፕሊፋየሩን ብረት ገላ በሶኬቱ በኩል ከመሬት ጋር አገናኘው፤ በዲሹ በኩል ደግሞ ሌላ መንገድ ነበር። በሁለቱ መንገዶች መካከል ያለው ጥቂት የቮልቴጅ ልዩነት ከሪሲቨሩ ወደ አምፕሊፋየሩ በሚሄደው የድምፅ ገመድ ሽፋን ላይ ኤሌክትሪክ እንዲዘዋወር አደረገ፤ የ50 ኸርዝ ንዝረቱና ብዜቶቹም ከመዝሙሩ ጋር ተደባልቀው ወጡ። ባለሙያዎች የመሬት ቀለበት የሚሉት ችግር ይኸው ነው። ገመዱ የሠራው ሥራ ትክክል ነበር፤ የተሳሳተው ሻጩ ስለ እርሱ የሰጠው ማብራሪያ ነው።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚመክረውን አንድ መፍትሔ በብርቱ መቃወም አለብኝ። በስፒናው ግራና ቀኝ ያሉትን የመሬት መስመር ብረቶች በፕላስተር ሸፍናቸው፣ ጉምጉምታው ይጠፋል ተብዬ ነበር። በእርግጥ ይጠፋል። ነገር ግን በአምፕሊፋየሩ ውስጥ አንድ ሽቦ ቢላቀቅ ወይም የትራንስፎርመሩ ሽፋን ቢቃጠል 220 ቮልቱ በብረት ገላው ላይ ይቀመጣል፤ የመሬት መስመር ካለ ብሬከሩ ይወርዳል፣ ከሌለ ግን መጀመሪያ የሚነካው ሰው መንገድ ይሆናል። በቤታችን ልጆች አሉ። ለበገና ጥራት ሲባል እንዲህ ያለ አደጋ አይገባም።

የመጀመሪያው ሙከራዬ በድምፅ ገመዱ መሐል የምትገባ፣ በውስጧ ጥቃቅን ትራንስፎርመሮች ያሏት ርካሽ መለያ ነበረች፤ ጉምጉምታውን አጠፋችው፣ የከበሮውን ጥልቅ ምት ግን አብራ አሳሳችው። የሠራው ኦፕቲካል ገመድ ነው። በ1983 እ.ኤ.አ. ቶሺባ ያስተዋወቀው ይህ ዘዴ ድምፁን በብርሃን መልክ ስለሚያሻግር በሪሲቨሩና በአምፕሊፋየሩ መካከል ኤሌክትሪክ የሚሄድበት መንገድ አይኖርም። ብርሃኑን ወደ ድምፅ ምልክት የምትመልሰዋን ትንሽ ሣጥን ጨምሮ የከፈልኩት ከኃይል ገመዱ ዋጋ እጅግ ያነሰ ነው፤ በገናውም ጠርቶ ወጣ።

ወደ ሻጩ ልመለስ። ጉምጉምታው ከተወገደ በኋላስ ወፍራሙ ገመድ ድምፁን አላሻሻለም ወይ ብሎ ይጠይቀኝ ይሆናል። ለዚህም ሙከራ አድርጌያለሁ። የእህቴ ልጅ ይህን ገመድና ሦስቱም ሽቦዎች ያሉትን የኮምፒውተሬን ተራ ገመድ ሳይነግረኝ እየቀያየረ ሲሰካ፣ የድምፅ መጠኑ ሳይነካ ጀርባዬን ሰጥቼ አዳመጥኩ፤ የትኛው የትኛው እንደሆነ መለየት አልቻልኩም። ምክንያቱም ከስሌቱ ግልጽ ነው። ሁለት ሜትር የሚረዝም ባለ 1.5 ገመድ፣ የመሄጃውና የመመለሻው መዳብ ተደምሮ፣ ተቃውሞው 0.046 ኦም ገደማ ነው፤ የኮምፒውተሩ ባለ 0.75 ገመድ የዚህ እጥፍ ነው። አምፕሊፋየሩ ግማሽ አምፔር ሲስብ በመጀመሪያው 0.023 ቮልት፣ በሁለተኛው 0.046 ቮልት ይጠፋል። ማታ ጎረቤቶቻችን ምጣድ ሲያበሩ ግን የሰፈራችን ቮልቴጅ ከ200 በታች ሲወርድ በቴስተር አይቻለሁ። ከ220 ወደ 198 ሲወርድ እንኳን እንደ እኔው ያለ አምፕሊፋየር የሚያጣው ከፍተኛ ጉልበቱን ነው፤ እርሱም ከአንድ ዴሲቤል በታች፣ ጆሮ በጭንቅ የሚለየው መጠን ነው። ሃያ ቮልት በጉልህ ያላሳየውን ለውጥ የቮልት መቶኛ ክፍልፋይ ከየት ያመጣዋል?

የመጨረሻዎቹ ሁለት ሜትሮች ወሳኝ ናቸው፣ የመስመሩን ቆሻሻ የሚያጣሩት እነርሱ ናቸው የሚለውም ክርክር አይቆምም። ኤሌክትሪኩ እዚህ የሚደርሰው ከግልገል ጊቤ 3ና ከሌሎች ግድቦች ተነሥቶ በመቶዎች ኪሎ ሜትር የአሉሚኒየም መስመር፣ በ400 ኪሎ ቮልት፣ ከዚያ በማከፋፈያ ጣቢያዎች እየወረደ፣ በመጨረሻም በ15 ኪሎ ቮልት መስመርና በሰፈሩ ትራንስፎርመር በኩል አልፎ ነው። ወደ አምፕሊፋየሩ ከገባ በኋላ ደግሞ ሌላ ትራንስፎርመር፣ ዳዮዶችና ትላልቅ ካፓሲተሮች ይጠብቁታል፤ ሙዚቃው የሚሠራው በካፓሲተሮቹ ውስጥ ከተጠራቀመው ቀጥተኛ ኤሌክትሪክ ነው። ማጣሪያ ጥቅልልና ካፓሲተር ያለው ራሱን የቻለ ዕቃ ነው፤ ሦስት መዳብና ፕላስቲክ ብቻ የሆነ ገመድ ማጣሪያ ነው ተብሎ ሲሸጥ ገዢው ደረሰኙ ላይ እንዲጻፍለት ሊጠይቅ ይገባል።

ለድምፅ ብሎ ይህን ገመድ ሊገዛ የሚያስብ ሰው ገንዘቡን ይያዝ፤ በዲሽ በኩል የሚጎመጉምበት ከሆነ አስቀድሞ የዲሹን ገመድ ፈትቶ ይሞክር፤ የግድግዳው ሶኬት የመሬት መስመር በእርግጥ መታሰሩንም በኤሌክትሪክ ሠራተኛ ያስፈትሽ፤ በእኛ ብሎክ ሽቦው ሳይታሰር ሶኬት ውስጥ ተጠቅልሎ የቀረበት ቤት አይቻለሁ። የገመዱ ልልነት ወይም ሙቀት ያሳሰበው ደግሞ ሦስቱም ሽቦዎች ያሉት፣ ጠበቅ ብሎ የሚገባ ገመድ ይግዛ፤ ይህን ያህል ውድ መሆን ግን የለበትም። እኔ ከእንግዲህ ለቤቴ ማንኛውንም ገመድ ስገዛ ቴስተሬን ይዤ እሄዳለሁ፤ የመሬት መስመሩን ከጫፍ እስከ ጫፍ እንድለካ ካልፈቀደ ሻጭም አልገዛም።