«ተመሳሳይ» እና «ያው»

«ተመሳሳይ» ከ«መሰለ» የወጣ፣ የ«ምስል»ና የ«ምሳሌ» ዘመድ እንደመሆኑ ቢያንስ ሁለት ነገሮችን ይፈልጋል፤ «ያው» ግን አስቀድሞ የታወቀውን አንዱን ነገር መልሶ ያመለክታል። «እህቴ ተመሳሳይ ነጠላ ለበሰች» ሲባል ነጠላዎቹ ሁለት ናቸው፤ «ያንኑ ነጠላ ለበሰች» ሲባል ግን ነጠላው አንድ ነው፣ ምናልባትም ትናንት ወጥ የፈሰሰበትና ጥለቱ የተተረተረው።

በዜና ጽሑፎች ውስጥ «አደጋው በደረሰበት ተመሳሳይ ዕለት» የሚል አገላለጽ ያጋጥማል። ዕለቱ አንድ ብቻ ሆኖ ሳለ ከራሱ ጋር ሊመሳሰል ስለማይችል፣ በእኔ አስተያየት «አደጋው በደረሰበት በዚያው ዕለት» ማለቱ ሐሳቡን ይበልጥ ያጠራዋል። ሁለት ሱቆች ለአንድ ዓይነት ዕቃ የሚጠሩት ዋጋ ሲነጻጸር ግን «ተመሳሳይ» ቦታውን አግኝቷል።

«ያው» እንደ ጾታውና ቁጥሩ «ያችው»፣ «እነዚያው» እየተባለ ይለዋወጣል (ተሳቢ ሲሆን «ያንኑ» እንደሚባለው ነው)፤ «ተመሳሳይ» በጾታ አይለወጥም። በንግግር ደግሞ «ኑሮ እንዴት ነው?» ለሚል ጠያቂ «ያው ነው» ብሎ መመለስ ለውጥ የለም ማለት ሲሆን፣ በዚህ ቦታ «ተመሳሳይ ነው» ያለ ሰው «ከምን ጋር?» መባሉ አይቀርም።